የላይኛዋ ጎረቤቴ ይግባኝ

ሙዘየን ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ ነው የምትኖረው። ጡረታ የወጣች ልብስ ሰፊ ናት። ባሏ ጄቭዴት ግማሽ አካሉ ሽባ ከሆነበት ወዲህ ሙቅ ውሃ ሲነካው ብቻ ነው ፊቱ የሚፈታው፤ እሷም በየቀኑ ታጥበዋለች። አላህ ዕድሜዋን ያርዝመውና፣ እንደ እሷ ያለ ጎረቤት እዚህ ቱርክ፣ የቡርሳን ከተማ ሙሉ ብትዞሩ አታገኙም።

አምና ብርዱ ሲገባ ባሃቲን የሚባል የቧንቧ ሠራተኛ የመታጠቢያ ቤቷን ቧንቧ ቀየረላት። ጨርሶ በሩ ላይ ጫማውን እያሰረ፣ «እትዬ፣ ሐቅዎን ሐላል ያድርጉልኝ» አላት። እኛ ዘንድ ሰው ሲሰነባበት የሚለው ነው፤ የበደልኩዎት ካለ ይተዉልኝ ማለት። እሷም እንደ ማንኛችንም ሳታስብ «ሐላል ይሁንልህ ልጄ» አለችው።

በነጋታው የእኔ ኮርኒስ ማንጠባጠብ ጀመረ።

ሙዘየን ወርዳ አየችውና ተመልሳ የመታጠቢያ ቤቷን ውሃ ዘጋች። ባሃቲን እንደሆነ ስልክ አያነሳም። ለሸማቾች ሸንጎ አመለከተች። ዓይኑን በጨው ያጠበ! «ሥራዬን አይታ፣ ወዳው፣ ሐላል ብላኛለች» ብሎ መልስ ሰጠ። ሸንጎውም ሥራውን ተቀብላለች ብሎ ፈረደባት።

«ክፈቺውና ባልሽን እጠቢ» አልኳት። «ኮርኒሱ የእኔ ነው፣ ባልዲ አስቀምጣለሁ።»

«ራስሽ ላይ እንዲናድ ነው? አላደርገውም።»

«ታዲያ በምን ልታጥቢው?»

«በፎጣ!»

ድርቅናዋ! ጄቭዴትን እኔ ቤት ወርዶ እንዲታጠብ ለመንኩት። «እርቃኔን በሰው ቤት? ሙቀዴስ፣ ከዚያስ ሞቴን» አለኝ። ያን ብርድ ሁሉ በእርጥብ ፎጣ ስትጠርገው ከረመች። ጀርባው ቆሰለ። ያ ወሬኛ ሰውዬ ጭራሽ መናገር ተወ።

ይግባኝ ልትል ስትነሳ የሠፈሩ ሴቶች «ሐላል ካልሽ ወዲያ እንዴት ትመለሻለሽ?» ብለው ተንጫጩባት። እኔም አፋቸውን አስያዝኳቸው። እሷን ግን ነገሩ በልቷት ነበር። «ኃጢአት ይሆንብኝ ይሆን?» ትለኛለች እያደር።

ፍርድ ቤት አብሬያት ሄድኩ። ዳኛዋ ወጣት ሴት ናት።

«እውነት ሐላል ብለውታል?»

«ብዬዋለሁ፣ ክብርት ዳኛ። አልክድም።»

ከኋላ ተቀምጬ ግንባሬን መታሁ፤ አለቀልን! ሙዘየን ግን ወደ ባሃቲን ዞረች።

«ልጄ፣ ሐላል ያልኩህ ላየሁት ነው። ግድግዳውን ስትደፍን ቧንቧው እንደሚያፈስ ታውቅ ነበር? አላውቅም ካልክ ክሴን አሁኑኑ እተዋለሁ። አውቀህ ደብቀኸኝ ከሆነ ግን ሐላሌ የለህም።»

ሰውዬው ክው አለ። ለሸንጎ መዋሸት አንድ ነገር ነው፤ የሰው ሐቅ ተሸክሞ መቃብር መግባት ግን ያስፈራል።

«መጋጠሚያው ያንጠባጥብ ነበር» አለ መሬት መሬቱን እያየ። «ቸኩዬ ነበር። ሲውል ሲያድር ይይዛል ብዬ ደፈንኩት።»

ዳኛዋ የሸንጎውን ውሳኔ ሻረች፤ ባሃቲንም ሥራውን እንደገና እንዲሠራ ፈረደችበት። መጣ፣ ግድግዳውን አፈረሰ፣ መጋጠሚያውን ቀየረ። በዚህኛው ጊዜ ግን ሳይደፍነው በፊት ሙዘየንን ጠርቶ አሳያት።

በማግስቱ ቦሎቄ እየቀቀልኩ ከበላዬ ውሃ ሲወርድ ሰማሁ። ቀና ብዬ ኮርኒሴን አየሁ፤ ደረቅ ነው። ወዲያው የጄቭዴት ድምፅ ሕንጻውን አናጋው።

«ኧረ ቀስ! ልትቀቅዪኝ ነው እንዴ፣ አንቺ ሴትዮ?»

«ዝም በል፣ ጆሮህ አልጸዳም!»

«እስቲ ጨምሪ፣ ጨምሪ፣ ጀርባዬ ላይ!»

ማማሰያዬን እንደያዝኩ ወንበር ላይ ዘጭ ብዬ አለቀስኩ። አላህ ይስጥሽ ሙዘየን፤ ለእኔ ኮርኒስ ብለሽ ይኼን ሁሉ ወር ይኼን ድምፅ አጥተሽ ከረምሽ። ቦሎቄው አረረ። ይረር!