ታደሰ ወደቀ

ደን ሃግ ውስጥ፣ ትራንስቫል ሰፈር፣ ከትልቁ ገበያ ጀርባ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ቤታቸውን የማጸዳላቸው አንዲት ሆላንዳዊት አሮጊት አሉ። መስኮታቸው ላይ የአንድ ወጣት ፎቶግራፍ ቆሟል። የበረራ ቆብ አድርጎ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ፀሐይ ዓይኑ ውስጥ ገብታ ፊቱን ጨምደድ አድርጎ ይታያል። አንድ ዓመት ሙሉ አቧራውን ስጠርግለት ማን እንደሆነ አልጠየቅኩም። እኔ ሰው መጠየቅ አይሆንልኝም። አንድ ቀን ግን አሮጊቷ፣ በአገሩ አጠራር ሜቭራው፣ ራሳቸው ሻያቸውን ይዘው ከኋላዬ መጡና፣ «ወንድሜ ነው፤ መብረር ሲማር...» ብለው የማላውቀውን ቃል ጨመሩ። እጃቸውንም ከላይ ወደ ታች አወረዱ። የገባኝ መስሎኝ «ኸዛክት?» አልኳቸው። ፈተና ወደቀ ማለቴ ነበር፤ ቃሉን በደንብ አውቀዋለሁ። እዚህ አገር ለመኖር የምንፈተነውን የቋንቋ ፈተና፣ የመናገሩን ክፍል፣ ሁለት ጊዜ ስወድቅ በሁለቱም ደብዳቤ ላይ ተጽፎ የመጣልኝ እሱ ነው።

ሜቭራው መጀመሪያ አፍጥጠው አዩኝ። ከዚያ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። «አይ ልጄ! ኸዛክት ቢሆንማ ጥሩ ነበር። እናቴ ለአንድ ሳምንት ታኮርፈውና ያልቃል። ኔርኸስቶርት ነው ያልኩሽ! አውሮፕላኑ ወድቆ ሞተ።» የዓለም ጦርነቱ ካለቀ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በልምምድ በረራ ላይ እንደነበር ነገሩኝ። ይህን ሲሉኝ ብስኩታቸውን ሻይ ውስጥ እየነከሩ ነበር። ፈተና ለወደቀ አንድ ቃል፣ ከሰማይ ለወደቀ ሌላ ቃል አላቸው። ተናድጄ የመስኮቱን አንድ ቦታ ደጋግሜ ወለወልኩ። በእሳቸው አልነበረም የተናደድኩት።

ልጅ እያለሁ የኖርነው ቢሾፍቱ ነው፤ በእኛ አፍ ደብረ ዘይት። የበረራ ትምህርት ቤቱ ተማሪዎች አውሮፕላኖች ከጣሪያችን በላይ ሲያልፉ ቆርቆሮው ይርገፈገፋል፣ ዶሮዎቹ አልጋ ሥር ይገባሉ። እኛ ልጆች ሐይቁ ዳር ደረቅ ሣር ላይ በጀርባችን ተኝተን፣ ድምፁን ቀድሞ ሰምቶ «የኔ!» ያለ አውሮፕላኑን ይወስዳል። እኔ ሁልጊዜ ቀድሜ እሰማለሁ፤ «የኔ» የምትለው ቃል ግን ከአፌ ሳትወጣ ሌላው ይቀድመኛል። ዝናብ ከጣለ በኋላ የቀዩ አሸዋ መንገድ የጋለ ብረት ይሸታል፤ ነፋሱ ከአውሮፕላን ሜዳው በኩል ሲመጣ ደግሞ የነዳጅ ሽታ ያመጣል። ዛሬም ነዳጅ ማደያ አጠገብ ሳልፍ ያ ሣር ትዝ ይለኛል።

በግቢያችን ከእኛ ጋር ግድግዳ የሚጋሩ እማማ ጥሩነሽ የሚባሉ ሴት ነበሩ። ልጅ አልወለዱም፤ የግቢው ልጅ ሁሉ ግን የእሳቸው ነበር። ሰኔ ላይ ካርድ ስንቀበል በየቤቱ የሚሸለመው ያለፈ ልጅ ነው። እማማ ዘንድ የሚሸለመው የወደቀ ነበር። የወደቀ ልጅ ከአባቱ ፊት ከመቅረቡ በፊት እሳቸው ቤት ገብቶ ቅቤው የሚንጠባጠብ ጨጨብሳ በማር ይበላል። ከዚያ እጁን ይዘው ወደ ቤቱ ይወስዱታል፤ እሳቸው ፊት ቀበቶ የሚያወልቅ አባት አልነበረም። የጎረቤታችን ልጅ ቢንያም አንድ ዓመት ሦስተኛ ወጥቶ፣ ካርዱን ካልሲው ውስጥ ደብቆ፣ የሚያለቅስ መስሎ ገባ። «አፋችሁን ያዙ፤ ዛሬ እኔ ወድቄያለሁ» አለን። ጠግቦ ሲወጣ በሳቅ ሞትን።

«ውደቁ» ይሉን ነበር እማማ። «ወድቃችሁ ግን ወደ ቤታችሁ ኑ። እንደዚያ እንደ ታደሰ እንዳትሆኑብኝ።» ታደሰ ታላቅ ወንድማቸው ነው። ታሪኩን የግቢው ልጅ ሁሉ እንደ ሀሁ ያውቀዋል። አውሮፕላን ማብረር ሊማር ገባ፤ ፈተና ወደቀ፤ አፍሮ ከአገር ጠፋ። እማማ ያኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ እየረገሙትም እየጠበቁትም ኖሩ። «አንድ ፈተና ወደቅኩ ብሎ ሰው የታመመች እናቱን ጥሎ ይሄዳል? ይኼ ልብ ነው ድንጋይ?» ይላሉ። ወዲያው አውሮፕላን ሲያልፍ ግን የሚለቅሙትን ምስር ትተው ቀና ይላሉ።

ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ለዓመቱ ክብረ በዓል የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ ለማጽዳት ከእናቴ ጋር ሄድኩ። ክፍል ውስጥ አንብቢ ስባል ድምፄ ጉሮሮዬ ላይ የሚቀር ልጅ ነበርኩ። ብቻዬን ስሆን ግን ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ፤ የዘይት ጣሳም ይሁን የመቃብር ድንጋይ። እማማ በየበዓሉ ጃንጥላቸውን የሚያስደግፉባት አንዲት ድንጋይ ነበረች። ከሥሯ አረም ስነቅል ፊደል ብቅ አለ። ታደሰ ይላል፤ የአባቱም ስም የእማማ አባት ስም ነው። ቀጥሎ፣ በልምምድ በረራ ላይ ሳለ አውሮፕላኑ ወድቆ፣ ይላል። ጮክ ብዬ እያነበብኩ እንደነበር ያወቅኩት እናቴ ጆሮዬን ስትይዘኝ ነው። «ዝም በይ! ማን አንብቢ አለሽ?»

ወደ ቤት ስንመለስ፣ ግራና ቀኟን እያየች፣ ነገረችኝ። ታደሰ የሞተ ዕለት ከበረራ ትምህርት ቤቱ አንድ የአገራቸው ሰው ተልኮ መጣ። እናትየው ታመው ተኝተዋል። ሰውየው ይህን ሳያውቅ ከበር ላይ ሆኖ «ታደሰ ወደቀ» አለ። እናትየውም ፈተናውን መስሏቸው፣ «ይውደቅ! ዋናው ጤና ነው። ሳያፍር ወደ ቤቱ ይምጣ በልልኝ» አሉ። ከኋላ የነበሩት ሴቶች ዓይናቸውን አፍጥጠው ሰውየውን ጠቀሱት። ለታመመ ሰው መርዶ አይነገርም። የቀረውን ቃል ውጦ ተመለሰ። አባትየው ልጃቸውን በድብቅ ቀበሩ፤ ትድናለችና ቀስ ብለን እንነግራታለን ተባለ። እናትየው ግን አልዳኑም፤ ልጃቸውን እንደጠበቁ ሞቱ። ለትንሿ ልጅ፣ ለእማማ፣ ስታድግ ይነገራታል ተባለ። አደገች፤ ሁሉም ሌላው ይነግራታል እያለ ዝም አለ። ስትጠይቅም መርከብ ተሳፍሮ ውጭ አገር ሄደ አሏት። አባቷም ሳይነግሯት ሞቱ። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ የማያውቁት ማንበብ የማይችሉት እማማ ብቻ ናቸው። «እኔም ለዚህ ሰፈር ሙሽራ ሆኜ ስመጣ ነው የተነገረኝ። እንግዲህ አንቺም አወቅሽ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው» አለችኝ እናቴ።

ሁለት ዓመት ይዤው ኖርኩ። ስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ወደቅኩ፤ ትምህርቴም በዚያው አበቃ። የዚያን ቀን እማማ ዘንድ ስገባ ልነግራቸው ቆርጬ ነበር። መንገድ ላይ ሁለቱን ቃል እየተለማመድኩ ነው የሄድኩት፤ ፈተና አልወደቀም፣ ፈተና አልወደቀም። እማማ በር ላይ ተቀበሉኝ። «መጣሽልኝ! ጎበዝ! ከዚያ ከሰማዩ ጀግና አንቺ ትሻያለሽ» ብለው ሳሙኝ። ምጣዱ ሲንጫጫ፣ እኔና እሳቸው ብቻችንን ነበርን። አፌን ከፈትኩ። «እማማ...» አልኩ። «ወዬ የኔ እናት» አሉ፤ ዓይናቸው ዓይኔ ላይ ነው። ውኃ ጠየቅኳቸው። በልቼ፣ ጠጥቼ፣ አመስግኜ ወጣሁ። በዚያች በ«ወዬ» እና በውኃው መካከል ስላለችው ጊዜ ባሰብኩ ቁጥር ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል።

ከዚያ አረብ አገር ሄድኩ፤ ከዚያ እዚህ። አሁን ሮተርዳም ዙይድ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። እሑድ እሑድ ስደውል እናቴ ስልኩን ለእማማ ትሰጣቸዋለች። «እንደው አንድ ሽማግሌ ሐበሻ ካየሽ ጠይቂልኝ። ጆሮው ሥር ጠባሳ አለው። አሁንማ ሸብቷል» ይሉኛል። አራት ዓመት ሙሉ «እሺ እማማ» አልኩ። አንድ ቅዳሜ ትራንስቫል ገበያ ቲማቲም ስመርጥ፣ የአንድ የማላውቀው ሽማግሌ ጆሮ ሥር ጠባሳ እየፈለግኩ ራሴን አገኘሁት። ውሸቱ እኔን ራሴን አሳምኖኝ ነበር ማለት ነው።

ስለዚህ ሜቭራው ያንን የነገሩኝ ዕለት፣ ገና ቤቴ ሳልደርስ ለእናቴ ደወልኩ። እነግራቸዋለሁ አልኳት። «ስንት ሽማግሌ ያልደፈረውን አንቺ? በዚህ ዕድሜያቸው ሰላማቸውን ለምን ትነሻቸዋለሽ?» አለችኝ። «ሰባ ዓመት የሞተ ሰው እየረገሙ መኖር ሰላም ነው?» ብዬ ጮኽኩባት። በእናቴ ላይ ስጮኽ የመጀመሪያዬ ነው። በማግስቱ፣ መርዶ በሚነገርበት በጠዋቱ፣ እማማን አቅርቢልኝ አልኳት። እንደ ምንም ድምፄ ወጣ። «እማማ፣ ታደሰ ፈተና አልወደቀም። አውሮፕላኑ ነው የወደቀው። ያኔውኑ።»

ያለቅሳሉ ብዬ ጠበቅኩ። «አንቺ መቼ አወቅሽ?» አሉኝ። ስድስተኛ ክፍል አልኳቸው። «አንቺም!» አሉና ስልኩን መለሱ። ሁለት ወር ሙሉ አላናገሩኝም። ድንኳን አስተከሉ አለችኝ እናቴ። የደበቀው ሰፈር ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ሊያለቅስ ቢመጣ፣ እማማ ከድንኳኑ አፍ ላይ ቆመው፣ «እናንተ ምን ታደርጋላችሁ? ድሮ አልቅሳችሁ ጨርሳችኋል። ዛሬ ተራው የኔ ነው» ብለው መለሱት።

ባለፈው ሳምንት ከሥራ ስመለስ፣ ሜትሮ ውስጥ፣ ከእናቴ ስልክ በቪዲዮ ተደወለልኝ። ሳነሣው እማማ ነበሩ፤ እናቴ ስልኩን ይዛላቸው ድንጋዩ አጠገብ ቆመዋል፤ ጽሑፉም ይታየኛል። «አንብቢልኝ። የዚህን ሰፈር ሰው አንደበት አላምንም። አንቺ ብትዘገዪም ነግረሽኛል» አሉ። ዙሪያዬን አየሁ፤ ሰው ትከሻ ለትከሻ ተጣብቋል። በሹክሹክታ ጀመርኩ። «አልሰማሁም!» አሉ። ጮክ አልኩ። አንድ ሰውዬ ከጋዜጣው ላይ ቀና ብሎ ገላመጠኝ። «አውሮፕላኑ ወድቆ» የሚለው ላይ ስደርስ መስመሩ ተቋረጠ። መልሼ ደወልኩ፤ እዚያው ስደርስ ተቋረጠ። የማላውቀው ጣቢያ ላይ ወርጄ፣ ነፋሱ እየገፋኝ፣ ደጋግሜ ደወልኩ። አለቀስኩም፤ ከንዴት ነው። ያኔ በመካከላችን አንድ የጭቃ ግድግዳ ብቻ ነበር፤ ሲያስሉ እሰማቸው ነበር። በአንድ ትንፋሽ ያልቅ የነበረውን ነገር፣ ይኸው ዛሬ ባሕር ማዶ ሆኜ እጮኻለሁ።

በአምስተኛው መስመሩ ጸና። እስከ መጨረሻው አነበብኩላቸው፤ «በተወለደ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ» እስከሚለው። ስድስተኛ ክፍል ሆኜ ያቺን መስመር ሳነብ አሥራ ዘጠኝ ትልቅ ሰው መስሎኝ ነበር። አሁን እኔ እንኳ በአሥር ዓመት እበልጠዋለሁ። እማማ እጃቸውን ዘርግተው ድንጋዩን፣ የልጅ ራስ እንደሚዳብስ ሰው፣ ከላይ ዳበሱት።

«ውይ» አሉ። «ልጅ ነው እኮ!»