በፈተናዬ ሰዓት የመጡት ለቅሶ ደራሽ

ቁጭ ብዬ መማር አልችልም። ትምህርት ቤት እያለሁም መምህሩ ፊቱን ወደ ሰሌዳ ሲያዞር ከዴስክ ዴስክ የምዞር ነበርኩ። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረስኩት በመቀመጥ ሳይሆን በመሸምደድ ነው። እንግዲህ እንዲህ ያለች ሰው ነች ከወንበርሽ አትነሺ የሚል ፈተና የደረሳት።

ነገሩ የጀመረው ከጦርነቱ በፊት ነው። ግራና ከምትባል ከተማ አጠገብ በሚሠራ የመስኖ ቦይ ላይ ዕቃ ቤት ጠባቂ ነበርኩ። ሲሚንቶ አስገባለሁ፣ አካፋ አስወጣለሁ፣ አካፋ ከሰበሩ የቀን ሠራተኞች ጋር እሰዳደባለሁ። ሥራውን የሚመራው መሐንዲስ ከወልድያ ይመላለስ ነበር። አንድ ቀን ስጨቃጨቅ ቆሞ ሰማኝና፣

«ይህን የመሰለ አፍ ይዘሽ ዕቃ ቤት ምን ታደርጊያለሽ?» አለኝ።

«እንጀራ እበላለሁ» አልኩት።

ስለ ፕሮጀክት አመራር የምስክር ወረቀት የነገረኝ ያኔ ነው። የመጀመሪያው ደረጃ ዲግሪ አይጠይቅም፤ ሁለተኛ ደረጃ የጨረሰ ሰው ራሱን አስተምሮ በኢንተርኔት መፈተን ይችላል። «ወረቀቱን ካመጣሽ በሚቀጥለው ምዕራፍ ረዳት አስተባባሪ ትሆኛለሽ» አለና መጽሐፉን ስልኬ ላይ ጫነልኝ። ጂዳ ሰው ቤት የምትሠራው እህቴ ከፍላ አስመዘገበችኝ። የመፈተኛ ፈቃዱ የሚያገለግለው አንድ ዓመት ነው። ዓመት ያኔ ብዙ ይመስለኝ ነበር።

አባቴ መርሳ ገበያ ጨርቅ ይሸጥ ነበር። ማታ ማታ የመልመጃ ጥያቄዎቹን ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነብለት ነበር። አንድ ዓይነት ጥያቄ ሁልጊዜ ይጥለኛል። «ሁለት ሠራተኞችሽ ተጣልተዋል፤ መጀመሪያ ምን ታደርጊያለሽ?» ይላል። እኔ በዕድሜ ከፍ ያለ ሰው መሃል የሚያስገባውን መልስ እመርጣለሁ። አባቴም እሱኑ ይመርጣል። መጽሐፉ ግን ራስሽ ፊት ለፊት አነጋግሪያቸው ባይ ነው።

«ምን ያለው ኪታብ ነው ሽማግሌ የሌለው?» ይል ነበር አባቴ። «እነዚህ ሰዎች ሲጣሉ ማን ይገላግላቸዋል?»

ከዚያ ጦርነቱ ወደ እኛ ወረደ። ወልድያ ተያዘች በተባለ ሰሞን መርሳ ላይ መብራቱም ኔትወርኩም ጠፋ። እናቴ፣ አባቴና እኔ ከግራና በላይ ወዳለ መንደር ሸሸን። የተቀበሉን የአባቴ ደንበኛ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው። ለልጆቻቸው የዒድ ልብስ ከአባቴ ሲገዙ ኖረዋል፤ ከዚያ ያለፈ ዝምድና አልነበረንም። ጎተራቸውን አሳይተው «ያለው ይኸው ነው፤ እስኪያልቅ አብረን እንበላለን» አሉን።

አባቴ ስኳር ነበረበት። በየቀኑ መርፌ ይወጋል። የያዝነው መድኃኒት ሙቀት እንዳያበላሸው ሽማግሌው አንድ ገንቦ ግማሹን እርጥብ አሸዋ ሞልተው ከዛፍ ጥላ ሥር ቀበሩልን። አሸዋውን ማርጠብ የኔ ሥራ ሆነ።

ቤታቸው ጣሪያ ላይ አንዲት የሶላር ሳህን ነበረች። የመንደሩ ስልክ ሁሉ ተራ የሚጠብቀው እሷን ነው፤ ኔትወርክ ባይኖርም ለመብራትና ለፎቶ ይፈልጉታል። የኔ ተራ ሲደርስ አንድ ገጽ አነባለሁ፣ ስልኩን አጠፋለሁ፣ ከዚያ ወደ ምንጭ ስወርድና ስመለስ ያነበብኩትን ጮክ ብዬ እቀራዋለሁ። ሌላ መንገድ አላውቅም፤ ልጅ ሆኜ ቁርአን ቤት የተማርኩት እንደዚያ ነው። ዜማውም ሳላስበው መጣ። «አደጋን ወይ ሽሺው፣ ወይ ለሌላ አስተላልፊው፣ ወይ ቀንሺው፣ ወይ ተቀበይው።» የመንደሩ ልጆች ከኋላዬ እየተከተሉ «ተቀበይው!» ይላሉ።

«ይህች ልጅ ምንድን ነው የምትቀራው?» አሉ ሽማግሌው አንድ ቀን።

«የፈረንጅ ኪታብ ነው አባባ።»

«ስለ ምን ይላል?»

«ሥራን በጊዜው ስለመጨረስ።»

አረም የዋጠውን ማሽላቸውን አዩት። ከባድ መሣሪያ ከታች ሲያጓራ ማን ወርዶ ያርማል? «እስኪ ማሽላ የሚያርም ገጽ ካለው አንብቢልን» አሉ። አባቴ ከሸሸን በኋላ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው።

መድኃኒቱ አለቀ። መርሳ ይገኛል የሚል ወሬ ሰምተን፣ አባቴን በሽማግሌው አህያ ጭነን ተመለስን። ልጃቸው እስከ አስፋልቱ ሸኘን። መርሳ ያሉት መድኃኒት ቤቶች መደርደሪያቸው ሳይቀር ባዶ ነበር። እናቴ ቤት ለቤት እየዞረች ስኳር ያለበትን ሰው ሁሉ ጠየቀች፤ ያለው ሰው ለራሱም አልበቃው። አባቴ ውኃ፣ ውኃ ሲል ሰነበተና ሞተ።

ስለ ሞቱ ብዙ መጻፍ አልፈልግም። መጽሐፉ አራት መንገድ ነበር የሰጠኝ፤ ሦስቱን ሞክረናቸዋል።

ቅሬው፣ የሰፈሩ እድር፣ ድንኳን አልጣለም። ሰው ተሰብስቦ እንዳይታይ ወንዶቹ ሦስትም አራትም እየሆኑ ወጥተው ቀበሩት። መንገድ ዝግ፣ ስልክ ዝግ ስለነበረ መርዶው ለዘመድ የደረሰው መንገዱ ከተከፈተ በኋላ ነው። ወራት ሙሉ ለቅሶ ደራሽ መጣልን። አንዱ መጥቶ እንደ አዲስ ያስለቅሰናል፣ እንደገና እንባችን ይደርቃል፣ ደግሞ ሌላ ይመጣል።

መብራቱም ኔትወርኩም ሲመለስ ስልኬን ከፈትኩ። ከፈቃዱ የቀረኝ ሳምንት አይሞላም። በሚኒባስ ወልድያ ሄድኩ። የመሐንዲሱ ቢሮ በሩም መስኮቱም ተነቅሎ ተወስዷል፤ እሱ ራሱ ከስቶ ልብሱ ሰፍቶታል። የግል ላፕቶፑን ሰጠኝ።

«ሥራው በሚቀጥለው ወር ይጀምራል» አለ። «ወረቀቱ ካለሽ ቦታው ያንቺ ነው። ከሌለሽ ግን አለቆቼ ከሌላ ከተማ ሰው ይልካሉ፤ እኔ ብቻዬን አልወስንም።»

የቀረው ክፍት የፈተና ቀን አንድ ነበር። ያዝኩት። ፈታኙ ባሕር ማዶ ሆኖ በካሜራ ያየኛል። ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው ከታየ፣ ወይም እኔ ከወንበሬ ከተነሳሁ፣ ፈተናው ይሰረዛል።

«እማ፣ እስክጨርስ ማንም እንዳይገባ» አልኳት ጠዋት።

«ለቅሶ ደራሽ ቢመጣስ?»

«ደጅ ይቆይ።»

«ያ ረቢ! ለቅሶ ደራሽ ደጅ ይቆማል እንዴ?»

«እንግዲያው የለችም በያቸው።»

«አባቷ የሞተባት ልጅ ወዴት ሄደች ልበል? ገበያ?»

በሩን ዘጋሁ። ያ በር ቀን ተዘግቶ አያውቅም።

ፈተናው ጥሩ እየሄደ ነበር። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። የሸመደድኩት ሁሉ በዜማው ተራ ይመጣልኛል፤ የጠብ ጥያቄ ሲመጣ እንኳ ሽማግሌውን ትቼ ትክክለኛውን መረጥኩ። ግማሹን አልፌ ነበር። ያኔ ከግቢው «ወንድሜ! ወንድሜን!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ወዲያው አወቅሁት። የገንቦው ባለቤት፣ የጎተራው ባለቤት።

እናቴ አብራ አለቀሰች። ከዚያ «እኛስ ዛሬ ነው የሰማነው፤ ትናንት ገበያ የወጣ ሰው ነገረን» ሲሉ ሰማሁ። «ሰላም አልነበርንም። እናንተን የሸኘው ልጄ አልተመለሰም።»

ጠቋሚው ጥያቄ ላይ ቆሟል። ሰዓቱ ይቆጥራል።

«ልጅቷስ?» አሉ።

 «ውስጥ ናት» አለች እናቴ። «ያንን ነገሯን... ትፈተናለች። ሰው አይግባ ተብሏል።»

አሁን ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅሁ። ቢቆጡ ኖሮ እቀመጥ ነበር፤ ቁጣ እልኸኛ ያደርገኛል።

«ያንን ኪታብ?» አሉ። «እንግዲያው አትረብሿት። ለዚህ ነው እኮ በምንጩ መንገድ ስትለፋ የከረመችው። እዚሁ ከደጁ ዱዓ አድርጌ እመለሳለሁ።» ከበሩ ውጭ ድንጋዩ ላይ ሲቀመጡ ምርኩዛቸው ግድግዳውን ነካ።

ተነሳሁ።

በሩን ከፍቼ ጉልበታቸው ላይ ወደቅሁ። እጃቸውን ራሴ ላይ አድርገው ስለ አባቴም ስለ ልጃቸውም አብረን አለቀስን። ከኋላዬ ላፕቶፑ በእንግሊዝኛ ይጣራል፤ ደጋግሞ ይጣራል።

«ማነው እሱ?» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ።

«ፈታኙ ነው አባባ።»

«ለቅሶ ላይ ነን በይው እንጂ! ሰው አይደለም?»

ገብቼ ነገርኩት፤ ባለችኝ እንግሊዝኛ አባቴ ሞቷል አልኩት። ማዘኑን ገለጸልኝ፣ ቀኑን አስቀድሜ ማስቀየር እንደነበረብኝም ነገረኝ። ከዚያ ስክሪኑ ተዘጋ።

«ጨረስሽ?» አሉኝ ስመለስ።

«ጨረስኩ።»

እናቴ አየችኝ።  ምግብ አቀረበች፤ ሽማግሌው ጥቂት ቀማምሰው መርቀውን ሄዱ። ውሸቴን አመኑ አላመኑ አላውቅም። ግቢው በር ላይ ዞር ብለው «ገንቦዋ አሁንም እዚያው ናት» ብቻ አሉ።

እህቴ በስልክ ጮኸችብኝ፤ እውነቷን ነው፣ ገንዘቡ የላቧ ነው። መሐንዲሱ አልጮኸም፤ ላፕቶፑን ተቀብሎ «ምን ልበልሽ» አለ። ረዳት አስተባባሪው ከሌላ ከተማ መጣ። ሰው አክባሪ፣ ጎበዝ ልጅ ነው። ጠላሁት። እኔ ዕቃ ቤት ተመልሼ ሲሚንቶ አስገባለሁ፣ አካፋ አስወጣለሁ።

ከሽማግሌው በኋላ ግን ለቅሶ ደራሽ አልመጣም። የመጨረሻው እሳቸው ነበሩ።