ከሚዛን እስከ ቴፒ፣ በማይወርድ መስታወት

ንጋት አስራ ሁለት ሰዓት፣ ሚዛን ተፈሪ

ጉሙ ገና ከቆርቆሮው ላይ አልተነሳም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም። የሄድኩበትን መንገድ መጻፍ ግን ልማዴ ነው። የዛሬው መንገድ የዙረት አይደለም። ትናንት አንድ የቴፒ ነጋዴ የእህቴን የዘነበችን መልእክት አደረሰኝ። «ትንፋሼ እያጠረ ነው። ሳልሞት ለሷ ብቻ የምነግራት ነገር አለኝ፤ ትምጣ» ብላለች። ሞባይል ገና እኛ ጋ አልደረሰም።

የሚወስደኝ የጎረቤቴ ልጅ ከማል ነው። አባቱ ከጅማ መጥተው እዚሁ ሱቅ የከፈቱ ናቸው። ዳቦና ሙዝ በፌስታል ይዤ አሮጌዋ ነጭ አውቶሞቢሉ ውስጥ ገባሁ። በሱ በኩል ያለው መስታወት ግማሽ ድረስ ወርዶ ቀርቷል። የመስታወቱን ማብሪያ ይጫናል፣ በሩን በክርኑ ይደልቃል፤ ንቅንቅ የለም።

«ምን ሆነ ልጄ?»

«አኩርፏል እማማ። አማን ወርደን እናስታርቀው።»

አንድ ሰዓት ተኩል፣ አማን

ጌቱ የሚባል የመኪና ኤሌክትሪሺያን ሻዩን ሳይጨርስ ተነሳ። መጀመሪያ ፊውዙን ቀየረ። አልሆነም። ከኋላ በር ማብሪያ ነቅሎ ሞከረ። አልሆነም። ከዚያ የበሩን ሽፋን በካቻቪቴ ፈታና ጆሮውን ደቀነ።

«ሞተሩ ይሰራል፤ ይጮኻል። መስታወቱን የሚጎትተው ገመድ ነው የተበጠሰው። እሱ ደግሞ ከጅማ ካልመጣ እዚህ አይገኝም።»

«መኪናዋ ካንተ ትበልጣለች፤ እንደ ታላቅህ ያዛት» አለው ከማል።

«ታላቄን እንደዚህ ቢያረጅ አላስነዳውም ነበር» አለ ጌቱ። መስታወቱን አጣብቆ የሚይዝ የእንጨት ሽብልቅ ጠርቦ አመጣ። «ምረጡ። ወይ ወርዶ ይቀራል፣ ወይ ተዘግቶ ይቀራል።»

ከማል ይውረድ አለ። እዚህ መንገድ ላይ ሾፌሮች ሲተላለፉ ጎን ለጎን ቆመው፣ መስታወት አውርደው ወሬ ይቀባበላሉ፤ የቱ ጋ ጭቃ እንዳለ፣ የማን ቤት ለቅሶ እንደሆነ። «ጆሮዬ እኮ እሱ ነው እማማ» አለኝ።

እኔ ነኝ እንቢ ያልኩት። ነፋስ ከገባብኝ ጎኔን ይወጋኛል። «ዝጉት፣ ብርድ ይመታኛል» አልኩ። ጌቱ መስታወቱን በእጁ ወደ ላይ ገፍቶ ሽብልቁን በመዶሻ መታ።

አራት ሰዓት ተኩል፣ ሸኮን አልፈን

ሸኮ ላይ አልቆምንም። ዝናቡ ወረደ። ግራና ቀኝ በትልልቅ ዛፍ ጥላ ስር ቡና፣ መሀሉ ቀይ ጭቃ። መስታወቱ በትንፋሻችን ደብዝዟል።

መንገዱ በጠበበበት ሰማያዊ ፒክአፕ መጣና ጎናችን ቆመ። በሩ ከበራችን ሊነካካ ምንም አልቀረውም። ሾፌሩ መስታወቱን አውርዶ፣ አንገቱን አውጥቶ ይናገራል። አፉ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ የምሰማው ዝናቡን ነው። ከማል መስታወቱን በጣቱ እያሳየ ራሱን ነቀነቀ። ከኋላችን ቡና የጫነ መኪና ጡሩንባውን ለቀቀብን።

«ምን ይላል?»

«ስለ ጭቃው ይሆናላ።»

ከፒክአፑ የኋላ ወንበር አንድ እጅ መስታወቱን ይደበድባል። ሰላምታ መሰለኝ። እኔም ፈገግ ብዬ እጄን አወዛወዝኩ። አለፍን።

ስድስት ሰዓት፣ ቴፒ

ሙቀት፤ ከየደጁ አናናስ፣ የተሰጣ ኮረሪማ። የእህቴ በር ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። ጎረቤቷ እርጥብ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣች።

«ጠዋት ባሰባትና ወደ አማን ሐኪም ቤት ወሰዷት። በሰማያዊ መኪና። መንገድ ላይ አልተገናኛችሁም?»

ከማል መሬት መሬት አየ። እኔ ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ። ሴትዮዋ ውሃ ሰጠችኝ፤ ብርጭቆውን ይዤው ቀረሁ።

የመልስ መንገድ

ሽብልቁን እኔው ራሴ በሁለት እጄ ነቀልኩት። መስታወቱ በሩ ውስጥ ወደቀ። ዝናቡ ከማልን አልፎ እኔን ይመታል፤ ነጠላዬ ከላዬ ላይ ተጣበቀ። የመጣውን መኪና ሁሉ እናስቆማለን። «ሰማያዊ ፒክአፕ አይታችኋል?» «አልፏል እናቴ፣ ቆየ።» ከማል አንዴ ብቻ «በሩን በግድ ከፍቼ መውረድ ነበረብኝ» አለ። «ዝጉት ያልኩት እኔ ነኝ ልጄ» አልኩት።

አስር ሰዓት፣ አማን

የእህቴ ልጅ አልማዝ አልጋው አጠገብ ቆማለች። ዘነበች ዓይኗን ከድናለች፤ ትንፋሿ ይቆራረጣል።

«አየችሽ እኮ አክስቴ» አለችኝ አልማዝ። «ጭንቅላቷን ቀና አድርጋ ‹እህቴ ናት፣ አስቁሟት› አለች። መስታወቱን ደበደብኩ፣ ጮህኩ። አንቺ እጅሽን አወዛወዝሽልን።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ወዲህ አልተናገረችም።»

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ከእኛ ከሁለታችን በቀር ማንም የማያውቀው ብዙ ነገር አለ፤ ከዚያ ውስጥ የቱን ልትነግረኝ እንደነበረ አላውቅም። «ዘኑ፣ መጣሁ» አልኳት። ጣቷ እንኳ አልተንቀሳቀሰም።

ከውጭ ዝናብ የነካው ነፋስ ይገባል። አልማዝ እርጥብ ነጠላዬን አየችና «መስኮቱን ልዝጋው እንዴ? ብርድ ይመታሻል» አለችኝ።

ተይው አልኳት። ጎንበስ ብዬ ጆሮዬን ከእህቴ አፍ አስጠጋሁ።