የወንድሜን ደጋን ሳለሰልስ

ዛሬ «ቋ!» አለና የሟች ወንድሜ ደጋን ጫፍ እጄ ላይ ቀረ።

በ1980ዎቹ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ እንደገባን ከእንጨት ጠርቦ የሠራው ነው። ለልጁ ለሳራ የቀረላት የእጁ ሥራ ይኸው ብቻ ነበር።

ገመዱ የሚገባበት ቦይ ሻክሮ ገመዱን እየበላው ስለነበር «በብርጭቆ ወረቀት ላለስልስልሽ» አልኳት። ማንም አላስተማረኝም፤ መኪናዬንም የማበላሸው ራሴ ነኝ።

ጥቂት እንዳሸሁት «ይበቃል ጋሼ» አለች። እኛ ማዕድ ላይ «ይበቃል» ያለ ሰው መቼ ተለቆ ያውቃል? ጨመርኩላት። «ኧረ በቃ ጋሼ!» ስትል ይሉኝታ መሰለኝና ደገምኩላት።

ጫፉ ሳስቶ ኖሮ ገመዱን ስወጥር ተሰበረ።

«ጋሼ፣ የምሬን እኮ ነበር» አለችና ስባሪውን አቅፋ መኪናዋ ውስጥ ገባች። ሙጫ ይዤ ተከተልኳት፤ መስኮቱን አልከፈተችልኝም።

ከደግነት ብዛት የሰው ነገር የሰበራችሁ ካላችሁ፣ ምን ብላችሁ እንደታረቃችሁ ጻፉልኝ። ገና አልሄደችም፤ ፍጠኑልኝ።