አዋሳ ላይ መሬት የወረደው ሰማይ

ከአዲስ አበባ የተነሳሁት ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው፤ የሚያስኬደኝም አንድ ሥዕል ነበር። ዳንጊሶ የሚባል የአዋሳ የመፈክር ሰሌዳ ሠዓሊ ለአብዮት በዓል ኤግዚቢሽን ሰማይን እንደ ቁርበት መሬት ላይ አንጥፎ፣ ሽማግሌዎች ዙሪያውን ተቀምጠው ኮከብ ሲመለከቱ ስሏል። የበዓሉ ኮሚቴ ሊቀ መንበር «የቡርዥዋ ቅዠት» አለው። ባለሙያ ይፍረድ ተባለና እኔ፣ የሥዕል መምህሩ፣ ተላክሁ። ሥዕሉ ከታገደ ዳንጊሶ ከሥራው ይባረራል፤ ያኔ ደግሞ ነገሩ በዚያ ብቻ ላያበቃ ይችላል።

ዝዋይ፣ አራት ሰዓት

አውቶቡሱ ቆመልንና በሃምሳ ሳንቲም የተጠበሰ አሳ በላሁ። እንዴት ይጣፍጥ ነበር! ጣቴን እየላስኩ ስለ ሱሪያሊዝም የማደርገውን ንግግር አሰናዳሁ። ህልምንና እውንን አንድ ሸራ ላይ የሚያገናኝ አሳሳል መሆኑን፣ በአውሮፓ እንዴት እንደተጀመረ፣ ሁሉንም።

አዋሳ፣ ስምንት ሰዓት

ዳንጊሶ መናኸሪያ ጠበቀኝ። ሠላሳ ዓመት የማይሞላው፣ ጥፍሩ ውስጥ ቀይ ቀለም የደረቀበት ሰው ነው። ፒያሳ ማኪያቶ ጋበዘኝ፤ የራሱ ግን ሳይነካው ቀዘቀዘ። ሥዕሉን ያላሳያቸው አንድ ሰው እንዳሉና ነገ ከቱላ ሊያዩት እንደሚመጡ፣ የሚፈራውም የእሳቸውን ፍርድ እንደሆነ ነገረኝ። አባባ ላሚሶ አያንቶ ናቸው፤ ጨረቃንና ከዋክብትን አይተው የዘመን መለወጫው የፍቼ በዓል የሚውልበትን ቀን ከሚወስኑት የሲዳማ ሽማግሌዎች አንዱ። እኔን ሳይሆን እሳቸውን መፍራቱ ትንሽ ከነከነኝ።

ማግስቱን፣ የኤግዚቢሽኑ አዳራሽ ውስጥ

ንግግሬን አደረግሁ። ምነው አፌን በዘጋሁት! «አውሮፓ» ባልኩ ቁጥር የሊቀ መንበሩ ፊት ይበልጥ ጠቆረ። ላድን መጥቼ ልጁን ራሴው ጉድጓድ ከተትኩት። ዳንጊሶ አንገቱን ደፋ፤ እኔም አፈርኩ።

አባባ ላሚሶ ግን ወደ ሥዕሉ ተጠግተው ብዙ ቆዩ።

«ስህተት አለው» አሉ በመጨረሻ።

ሊቀ መንበሩ ፈገግ አለ።

«ኮከቦቹ ይቀድማሉ፤ ጨረቃ ትከተላለች። አንተ ጨረቃን አስቀደምክ። እንዲህ ከሆነ ፍቼ የለም።»

«አባባ፣ ሰማዩ መሬት ላይ መሆኑንስ ምን ይሉታል?» አለ ሊቀ መንበሩ።

«እሱማ ልክ ነው። አያንቶ ሲያይ ሰማይ ሩቅ አይደለም።»

ሊቀ መንበሩም የዚያው አገር ልጅ ነውና ሽማግሌውን ቅዠታም ሊላቸው አልደፈረም። ጉሮሮውን ጠርጎ ጨረቃዋ በአስቸኳይ ወደ ኋላ እንድትመለስ አዘዘ። ዳንጊሶ ብሩሹን አንስቶ እዚያው አስተካከላት። እኔም ሪፖርቴ ላይ «አንድ የአቀማመጥ ስህተት ተገኝቶ ታርሟል፤ ይሰቀል» ብዬ ፈረምኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ የፈረምኩት ወረቀት የለም።

አዲስ አበባ፣ ሰኞ

ደክሞኝ፣ ግን ልቤ ረክቶ ተመለስኩ። ለዓመታት ሱሪያሊዝም የሌለውን እንዳለ አድርጎ መሳል ነው እያልኩ አስተምር ነበር። ሰኞ ክፍል ገብቼ ተማሪዎቼን ያንን ከደብተራቸው እንዲሰርዙ አዘዝኳቸው። በምትኩ ምን እንጻፍ አሉኝ።

«ከመፍረዳችሁ በፊት፣ የለም የምትሉት ነገር የሌለው ለማን እንደሆነ ጠይቁ» አልኳቸው።