ሐኪሙ መዘግየት አይወዱም

ይህ ነገር የደረሰብኝ አምና በግንቦት፣ ሮቢት በሙቀት በምትቀልጥበት ሰሞን ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ይህን ግን ልርሳ ብል እንኳ ምላሴ አይፈቅድልኝም፤ በቀን አሥር ጊዜ በግራ በኩል ወዳለው ክፍተት ሄዶ ይመለሳል።

ጀውሃ ውስጥ በአንድ የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ነው የምሠራው። ደንበኞቼ ፍየል፣ በሬና ግመል ናቸው። ቀጠሮ ይዘው አያውቁም። ታመው ሲመጡ አያቸዋለሁ። ሰዓት አልፏል ብዬ የመለስኩት በሬ የለም። ይህን የምነግራችሁ ለመኩራራት አይደለም፤ የቀጠሮን ሥነ ሥርዓት በተመለከተ ምን ያህል ኋላ ቀር እንደነበርኩ እንድታውቁልኝ ነው።

የታችኛው የግራ መንጋጋዬ አራት ቀን ሙሉ አላስቀምጥ አላስተኛ አለኝ። ጉንጬ አብጦ ሎሚ የጎረስኩ መሰልኩ። ሮቢት ወዳለ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ደውዬ ለሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ቀጠሮ ያዝኩ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ "እንዳያረፍዱ" ብላ ሁለቴ አስጠነቀቀችኝ። እኔም እንዳላረፍድ የራሴ ምክንያት ነበረኝ። ማክሰኞ የከብት ክትባት ዘመቻ ይጀመራል። መኪና በማይገባባቸው ቀበሌዎች ሁለት ሳምንት መክረሜ ነው። ሰኞ ካልተነቀለልኝ ያንን ጥርስ ተሸክሜ በዚያ ፀሐይ ልንከራተት ነው ማለት ነው።

ሰኞ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ጉንጬን በሻርፕ ጠቅልዬ አስፋልቱ ዳር ቆምኩ። ከካራቆሬ የመጣ ሚኒባስ ቆመልኝና ገባሁ። ከዚያ እስከ ሮቢት ግማሽ ሰዓት እንኳ አይፈጅም። ቀድሜ ደርሼ የክሊኒኩ በር ላይ ቁጭ ብዬ ስጠብቅ ታየኝ።

መኪናው ግን አልተነሳም። ከሾፌሩ ጎን የተቀመጠ፣ ሸሚዙ ጥርት ብሎ የተተኮሰ ሰው ወረደና "አምስት ደቂቃ ብቻ ታገሡን፤ ቁርስ ቀምሰን እንምጣ" አለ። "ቀምሰን" ያለው ከሾፌሩ ጋር መሆኑ ነው። ሾፌሩ ቁልፉን ነቅሎ ተከተለው። እኛ መኪናው ውስጥ ቁጭ ብለን እንደ ዳቦ መጋገር ጀመርን።

አምስት ደቂቃው ሃያ ሆነ። ሃያው ሠላሳ ሊሆን ሲል ትዕግሥቴ አለቀና ወርጄ ምግብ ቤቱ ገባሁ። ሁለቱ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ዱለቱ ገና መቅረቡ ነው።

"ወንድሜ፣ እኔ በጥርስ ሕመም ልሞት ነው፤ አንተ እዚህ ትጎርሳለህ! የሦስት ሰዓት ቀጠሮ አለኝ" አልኩት ባለሸሚዙን።

ቀና ብሎ ጉንጬን አየ። ጊዜ ወስዶ፣ በደንብ ነው ያየው። የጎረሰውን አላምጦ ዋጠና፣

"ረጋ በል። ጥርስ ሰው ገድሎ አያውቅም" አለኝ።

"አንተ ስለ ጥርስ ምን ታውቃለህ? የሚጠብቅህ ሥራ የለህም እንዴ? ሥራ ፈት!"

ሾፌሩ ጎርሶ ስለነበር ሳቁ ትን አለው። ባለሸሚዙም ፈገግ ብሎ ወደ ሳህኑ ተመለሰ። ያን ጊዜ በጣም ነበር የተናደድኩት። ምን እንዳሳቃቸው የገባኝ ኋላ ነው።

ሮቢት መናኸሪያ ስንደርስ ሦስት ሰዓት ከሃያ አልፏል። ባለሸሚዙ ዘሎ አንድ ባጃጅ ውስጥ ገባና ሄደ። እኔም ሌላ ፈልጌ ተሳፈርኩ። እሱ ወዴት እንደሚሄድ ግን ልብ አላልኩም።

ክሊኒኩ ስደርስ ካርድ የምታወጣው ልጅ በመስኮቷ አየችኝ። ስሜን ነገርኳት።

"አቶ አስናቀ፣ የሦስት ሰዓት ነዎት። አልፎዎታል" አለችና ግድግዳውን በእስክሪብቶዋ አሳየችኝ። "ከቀጠሮው ሩብ ሰዓት ያረፈደ ታካሚ አይስተናገድም" ይላል ማስታወቂያው። በቀይ ቀለም ነው የተጻፈው። ያልገባው እንዳይኖር ደግሞ ሦስት ጊዜ ተሰምሮበታል።

"እህቴ፣ መኪናው መንገድ ላይ ቆሞብኝ ነው።"

"ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው። ሐኪሙ መዘግየት አይወዱም።"

"ለመሆኑ ሐኪሙ ገብተዋል?"

"አሁን ገቡ።"

"አሁን?"

"ጠዋት አስቸኳይ ስብሰባ ነበረባቸው" አለችኝ፣ ለእሳቸው አዝና።

ይህን እያለችኝ የሕክምና ክፍሉ በር ተከፈተ። አንድ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ብቅ አለ። ከጋዋኑ ሥር ያ ጥርት ብሎ የተተኮሰ ሸሚዝ አለ። አየኝ። አየሁት። ፊቴን ቢረሳ እንኳ ጉንጬን አልረሳም። አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ፤ ማስታወቂያውን አየ፤ አፉን ዘጋና የመጀመሪያዋን ባለተራ ይዞ ገባ።

"እሱ ነው!" አልኳት ልጅቷን። "በአንድ መኪና ነው የመጣነው! ስብሰባውንም አይቼዋለሁ፤ ከዱለት ጋር ነበር!"

ፊቷ ላይ ምንም የተለወጠ ነገር የለም።

"ታዲያ እሳቸው ገብተው ሥራ ጀምረዋል። እርስዎ የት ቆይተው ነው?" አለችኝ።

ለዚህ ጥያቄ እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁለትም። ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ ቀጠሮ የተጻፈባት ወረቀት ሰጠችኝና ፊቷን ወደ ሌላ ሰው መለሰች። ስሜን በሚያምር ጽሕፈት ነው የጻፈችው፤ ይህን አልክድም።

ወጥቼ ግቢው ውስጥ፣ ማንጎ ጥላ ሥር ካለ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ራሴን በሁለት እጄ ያዝኩ። እዚያ ብቻዬን መስሎኝ ነበር።

"ልጄ፣ በጣም ነው እንዴ?" የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ሽርጥ የታጠቁ፣ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌ ናቸው። ዱላቸውን በጉልበታቸው መሀል አቁመዋል። ከመስኮቱ ሥር የተባባልነውን ሁሉ ሰምተዋል። ስለ ክትባቱና ስለ አሥራ አምስቱ ቀን ነገርኳቸው። ሰምተውኝ ሲያበቁ እጃቸው ላይ የነበረውን የሕክምና ካርድ ጭኔ ላይ አስቀመጡት።

"እንካ። የሚቀጥለው እኔ ነኝ፤ አንተ ግባ።"

"እርስዎስ ጋሼ?"

"የኔ ጥርስ እቤት ሲነዘንዘኝ ከርሞ እዚህ በር ስንደርስ ዝም አለ። ፈራ መሰለኝ።" ወደ እኔ ጠጋ አሉ። "እውነቱን ልንገርህ? እኔም ፈርቻለሁ። መርፌው ይህን ያህላል አሉኝ" ብለው የዱላቸውን እኩሌታ አሳዩኝ።

"ስምዎ እኮ አለበት። ያውቁብኛል።"

"አብሽር! ማን ሽማግሌ ነኝ ብሎ ይዋሻል? ግባ፤ ሰይድ በላቸው፣ በቃ።"

በእርግጥ ደግነታቸው ከፍርሃታቸው ጋር ተቀላቅሎ ነበር። ግን እዚያ ግቢ ውስጥ የፈሩ ሰዎች ሞልተው ነበር። ተራውን የሰጠኝ አንድ ሰው ብቻ ነው።

ገባሁ። ከሐኪሙ ጋር አንዲት ነርስ አለች። ካርዱን ተቀብላኝ ጮክ ብላ አነበበች።

"ሰይድ እንድሪስ። ዕድሜ፣ ሰባ አንድ።"

ካርዱን አየች። እኔን አየች። ሐኪሙም ዞር ብሎ አየኝ። አርባ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ሕመሙ ጥቂት ጨምሮብኝ ሊሆን ይችላል፣ ሰባ አንድ ግን አልሞላሁም። ሐኪሙ "ይህ ሰው ሰይድ አይደለም" ቢል እኔ ማን እንደሆንኩና ለምን እንዳረፈድኩ ላስረዳ ነው። ከዚያ ደግሞ ስለ አስቸኳዩ ስብሰባ ማንሳታችን አይቀርም።

ሐኪሙ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ይቀመጡ፣ ጋሼ ሰይድ" አለኝ።

ተቀመጥኩ። ጠዋት "ረጋ በል" ያለኝ ሰው አሁን አንቱ እያለ ያናግረኝ ጀመር።

"ግፊት አለብዎት ይላል ካርዱ።"

"ዛሬ የለብኝም" አልኩ።

ነርሷ ቀና አለች። ሐኪሙ ሳል የሚመስል ድምፅ አወጣ። "ለማንኛውም ለኪያቸው" አላት። ለካችኝና "የጎረምሳ ነው!" ብላ ተገረመች።

የማደንዘዣውን መርፌ ወጋኝና አፌን በጥጥ ሞላው። ነርሷ ዕቃ ልታመጣ ስትወጣ ወንበሩን ወደ እኔ ሳበ።

"ይቅርታ አድርግልኝ። ሌሊት ከወጣሁ ምንም አልቀመስኩም ነበር። ዱለቱን ደግሞ ቶሎ አላቀረቡትም" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "መስኮቱ ጋ ቆመህ ሳይህ 'ከእኔ ጋር ነው የመጣው' ማለት ነበረብኝ። አፈርኩ።"

ከጀውሃ ጀምሮ ለዚህ ሰው የምናገረውን ሳዘጋጅ ነው የመጣሁት። ረጅም ነበር፤ ጥሩ ጥሩ ስድቦችም ነበሩበት። አሁን ጊዜው ደርሶ ግማሽ ፊቴ የለም፤ አፌ ጥጥ ነው። "እ… እህ…" አልኩት። እሱ ይቅር እንዳልኩት ቆጠረውና አመሰገነኝ።

ከዚያ ነቀለው። በእውነት ነው የምላችሁ፣ ምንም አልተሰማኝም። እጁ ልዩ ነው። አራት ቀን ያሰቃየኝን ነገር ሳላውቀው አውጥቶ ሳህን ላይ ጣል አደረገው። ይህም ራሱ አናደደኝ። ሰው የሚጠላውን ሰው በሥራው እንኳ እንዳይጠላ ማድረግ ግፍ ነው።

"እግዜር ይማርዎት፣ ጋሼ ሰይድ። ደሙ እስኪቆም ጥጡን ነክሰው ይያዙ" ብሎ ሸኘኝ።

ጋሼ ሰይድ ማንጎው ሥር እንደተቀመጡ ናቸው። ሲያዩኝ ተነሡ።

"እህስ፣ ተነቀልኩ?" አሉኝ።

"ተነቅለዋል" አልኩ በጥጡ መሀል።

"አመመኝ?"

"ኧረ ምንም አላመመዎትም።"

"አልሐምዱሊላህ!" አሉና ተቀመጡ፤ እውነትም የተገላገሉ መሰሉ።

ሳቄ መጣ፤ ግን በደነዘዘ ፊት ለመሳቅ ያስቸግራል። እንባዬ ብቻ ወረደ። ምራቄን ጠርጌ የተሰጠችኝን የቀጠሮ ወረቀት አወጣሁና ለእሳቸው ሰጠኋቸው። ሐኪሙ እጁ እንደማያሳምም ማልኩላቸው። ግፊታቸውን እንዳይደብቁት፣ ክኒናቸውንም ውጠው እንዲመጡ አስጠነቀቅኳቸው። ወረቀቷን ገልብጠው አዩዋት።

"ለመሆኑ ማን ትባላለህ?" አሉኝ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ስሜን አልጠየቁኝም ነበር። ስልክ ተለዋወጥንና ተለያየን።

ከዘመቻው ስመለስ ደወሉልኝ። ሄደዋል፤ ተነቅሎላቸዋል። ሐኪሙ በር ድረስ ወጥቶ "አቶ አስናቀ፣ በሰዓትዎ መጡ!" ብሎ ተቀበላቸው አሉ። ግፊታቸውን ሁለቴ ለክቶ፣ መድኃኒታቸውን ጠይቆ፣ ተጠንቅቆ ነው የሠራላቸው።

"አርባ ሁለት ዓመት ሆኜ ዋልኩ" አሉኝ። "ወላሂ ደስ ይላል። መመለሱ ነው የከበደኝ።"

ያ ማስታወቂያ አሁንም እዚያው ግድግዳ ላይ ነው ይላሉ። አሁን በሐኪሙ ብዙም አልናደድም፤ ሰው ይርበዋል። ያቺ ሳህን ዱለት ግን ትዝ ስትለኝ ደሜ ይፈላል። ደግሞ መስኮቷ ላይ ያለችው ልጅ የጠየቀችኝ ነገር አለ፤ አንዳንዴ መንገድ ላይ ሳለሁ ድንገት ጥሩ መልስ ይመጣልኛል፣ ወዲያው ደግሞ ይጠፋብኛል።

ከጋሼ ሰይድ ጋር እስካሁን እንጠያየቃለን። ስልኬ ላይ "ጋሼ እኔ" ብዬ ነው የመዘገብኳቸው። ሰሞኑን የቀኙ መንጋጋዬ መነካካት ጀምሯል። ይህን ብነግራቸው፣

"አብሽር" አሉኝ። "ስሜ የትም አይሄድም።"