ያልደከመው መሬት

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ንስሐ አባቴ ሲጠይቁኝ እንኳ ሌላ ሌላውን እየዘረዘርኩ ይህን አልፌዋለሁ።

እህል በረንዳ አንድ የስንዴ መጋዘን ውስጥ እሠራ ነበር። ጥራት የምለየው በአፌ ነው። ጥቂት ፍሬ አላምጣለሁ፤ እንደ ማስቲካ ከተሳበ ለዳቦ ይሆናል፣ ሟሙቶ ከጠፋ አይሆንም። የሚስበው ፕሮቲኑ መሆኑን ለብቻዬ ከእርሻ መጻሕፍት ተማርኩ።

ጋሽ ነስሩ ከስልጤ ስንዴ የሚያመጡልን ገበሬ ነበሩ። ዳቦ ጋጋሪዎች ይሻሙባቸዋል። የዩሪያ ማዳበሪያውን ለሁለት ከፍለው ነበር የሚጨምሩት፤ ግማሹን በቡቃያው፣ ግማሹን ሊዘረዝር ሲል። በየስብሰባው ምርት ጨምሩ የሚባልበት ጊዜ ነበርና ምን እንደሚሻል ጠየቁኝ። ሁሉንም በቡቃያው ይጨርሱት አልኳቸው። ምርቱ በርግጥ ይጨምራል። ፕሮቲኑስ? ማዳበሪያ ፕሮቲኑን ምን እንደሚያደርገው የሚናገረውን ምዕራፍ ገና አላነበብኩትም ነበር። አላውቅም ማለት ግን አፈርኩ።

አዝመራው ሲገባ ጭነታቸው ከወትሮው በዝቶ መጣ። ከመኪናው እየወረዱ፣ "ና እስቲ፣ የስንዴው ሐኪም፣ ቅመስ" አሉኝ። አላመጥኩ። አፌ ውስጥ ሟሟ። እስከዚያ ምዕራፉን አንብቤዋለሁ፤ ዘግይቶ የሚሰጠው ዩሪያ ፍሬው ውስጥ ገብቶ ፕሮቲን እንደሚሆን አውቃለሁ። ያስቀረሁባቸው እኔ ነኝ። አሠሪዬና ጋጋሪዎቹ አፍ አፌን ያያሉ።

"ጋሼ፣ መሬትዎ ደክሟል" አልኳቸው።

እኔ ነኝ ያልኩት። ማን አስገደደኝ? ማንም።

"የአባቴ መሬት እኮ ነው" አሉ።

ከዓመት በኋላ ባዶ እጃቸውን መጡ። ስንዴውን ትተው መሬቱን በሙሉ ባሕር ዛፍ ተክለውበታል። ባሕር ዛፍ የያዘው መሬት መቼ ተመልሶ ስንዴ ያበቅላል?

"አንተ ባትነግረኝ በከንቱ ስለፋ እኖር ነበር፣ ልጄ። አላህ ይስጥህ" ብለው መረቁኝ።

አሜን አልኩ። ዋሽቼ ስንዴ ስላስጣልኳቸው መሬት ምርቃት ተቀበልኩ።

አሁን አብነት አካባቢ ፎቅ በሚሠራበት ሁሉ፣ የመወጣጫው የባሕር ዛፍ አጣና የእሳቸው መሬት ቆሞ የሚያየኝ ይመስለኛል። መንገድ እቀይራለሁ። እዚያም አጣና አለ።

አውቶቡስ ተራ ቅርብ ነው። ረዳቶቹ ወደ ስልጤ የሚሄደውን መኪና "ወራቤ፣ ወራቤ" እያሉ ሲጣሩ በየማለዳው እሰማለሁ። ጋሽ ነስሩ በሕይወት አሉ። ተሳፍሬ ግን አላውቅም። እናንተን ይቅር በሉኝ አልልም፤ መሬቱ የእናንተ አልነበረም።